አንድ ማርክና አንድ ቃል
(ስለ ሥራ፣ ስለ ጥናትና ስለ ስፖርት በዓመቱ ማጠቃለያ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተነበበ ንግግር)

የተከበራችሁ የሸዋ በር ነዋሪዎች፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፤

ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለዓመቱ መጨረሻ ላደረሰን ፈጣሪ ምስጋና ይድረሰው። በዚህ ዓመት ከመካከላችን የተለዩንን ጎረቤቶቻችንን ስብሰባው ሲከፈት ቆመን አስበናቸዋል፤ ነፍስ ይማር፣ አላህ ይርሐማቸው።

ይህ ንግግር በስብሰባው ላይ የተነበበ ነው። በሥራ ምክንያት፣ በሕመም ወይም ሕፃን ልጅ በመያዝ ያልመጡ ስላሉ፣ እንደተነበበ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል። ማንበብ የሚችል ለማይችለው ያንብብለት።

ዓመት ሲያልቅ ነጋዴ የሱቁን ዕቃ ይቈጥራል፣ ማኅበር ደግሞ የገባውን ቃል ይቈጥራል። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጊዜ ሦስት ነገሮች እናደርጋለን ብለን ነበር። አንደኛ፣ ሥራ ፈተው ለተቀመጡ ወጣቶቻችን ሙያ የሚለምዱበት ቦታ ማፈላለግ። ሁለተኛ፣ ለተማሪዎቻችን የማታ የጥናት ክፍል ማቆም። ሦስተኛ፣ ለልጆቻችን የታወቀ የስፖርት ሰዓት ማበጀት።

ሦስቱም በየመጠናቸው ተጀምረዋል። ከወጣቶቹ ጥቂቶቹ መኪና ግርግር ከልብስ ሰፊዎች ዘንድ ገብተዋል፣ ሌሎቹ ብየዳ ቤትና ጋራዥ እየዋሉ ነው። ኳሱም እሑድ እሑድ ጧት ይንከባለላል። የጥናቱ ክፍል ግን ዛሬ ዋና መነጋገሪያችን ነው፤ ምክንያቱም ከመስከረም ጀምሮ ክፍል የለንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉን ዓመቱን ሙሉ ያለ ኪራይ የሰጡን ጎረቤታችን ወንድ ልጃቸውን ስለሚድሩ ክፍሉን ይፈልጉታል። ይህ ደግ ምክንያት ነው፤ እናመሰግናለን፣ ሠርጉንም አብረን እንደግሳለን። ግን ልጆቹ የት ይሂዱ? በየቤታችን እኮ ሁኔታው የታወቀ ነው። በአንድ ክፍል አባት እንግዳ ተቀብሏል፣ ቴሌቪዥኑ ይጮኻል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ እናት እሳት ላይ ናት፣ ተማሪው ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ይህ ልጅ ሰነፍ ነው ማለት አይቻልም፣ መቀመጫ አጥቷል።

ኮሚቴው ስለዚሁ ጉዳይ ሁለት ጊዜ ተሰብስቦ የተለያየ አሳብ ሰምቷል። «ትምህርት ቤት ውለው የሚመጡ ልጆች ናቸው፣ ለማታው ደግሞ ምን አገባን?» ያሉ አሉ። «ገንዘብ ካለ ለወጣቱ መለያና ኳስ ይገዛ» ያሉም አሉ። «ሁሉም ካላዋጣ እኔ ለምን አዋጣለሁ?» የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ተደጋግሞ የሰማነው ነው። ለዚህ ለመጨረሻው መልስ የሚሆን፣ ከእኛው ደጅ ብዙ ሳይርቅ የተሠራ ነገር ስላለ እርሱን እናስታውሳችሁ።

ከሸዋ በር ተነሥቶ ጁገልን አቋርጦ በኤረር በር የሚወጣ ሰው ፊቱን ወደ ኤረር ሸለቆ ያዞራል። ከዚያ ሸለቆ ጋር ስሙ ተያይዞ የቀረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ ካርል ሐይንዝ በም ይባላሉ። ከእናንተ ውስጥ ታላላቆቹ «ካርል» ሲባል ታውቋቸዋላችሁ። «ሰዎች ለሰዎች» የሚባለውን የእርዳታ ድርጅት የመሠረቱት እርሳቸው ናቸው።

ካርል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1928 ጀርመን አገር ዳርምሽታት ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በዓለም የታወቀ የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበር። እርሳቸውም የፊልም ተዋናይ ሆኑ፤ በ1950ዎቹ በወጡ ፊልሞች ላይ የኦስትሪያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው በመጫወታቸው በአገራቸው የማያውቃቸው አልነበረም። ታዲያ እንዲህ ያለ ስምና ኑሮ ያለው ሰው ኤረር ምን አመጣው?

ያመጣቸው በሕዝብ ፊት የተናገሩት ቃል ነው። ግንቦት 8 ቀን 1973 ዓ.ም. ጀርመን፣ ኦስትሪያና ስዊዘርላንድ የሚታይ አንድ የቴሌቪዥን የውርርድ ዝግጅት ነበር። ካርል እዚያ ቀርበው፣ ከተመልካቹ ሲሶው እንኳ ለተራቡ የአፍሪካ ሰዎች አንድ ማርክ፣ ወይም አንድ የስዊስ ፍራንክ፣ ወይም ሰባት የኦስትሪያ ሽልንግ አይሰጥም ብለው ተወራረዱ። አስተውሉ፣ የተጠየቀው አንድ ማርክ ነው። የአንድ ቡና ዋጋ የማትሞላ ገንዘብ ናት።

ውርርዱን ረቱ። ማለት ሲሶው ሕዝብ አልሰጠም። በዚያ ሀብታም አገር አብዛኛው ሰው አንዲቱን ማርክ ከኪሱ ሳያወጣ ቀረ። ካርል «እንዳልኋችሁ ነው፣ ሰው አይሰጥም» ብለው ወደ ፊልማቸው መመለስ ይችሉ ነበር፣ የሚጠይቃቸውም አልነበረም። እርሳቸው ግን ያልሰጠውን ትተው የሰጠውን ቈጠሩ። ከየሰዉ የተጠራቀመው ገንዘብ ከአንድ ሚሊዮን ማርክ በላይ ሆኖ ተገኘ። ያንን ይዘው በጥቅምት ወር 1974 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ገቡ። ኅዳር 4 ቀን 1974 ዓ.ም. ድርጅቱ ተመሠረተ።

የመጀመሪያው ሥራ እዚሁ ሐረርጌ ነው። በጦርነትና በድርቅ ከቀያቸው ተፈናቅለው ባቢሌ መጠለያ ውስጥ የእርዳታ እህል ሲጠብቁ የነበሩ አርብቶ አደሮች ነበሩ። እነርሱ በኤረር ሸለቆ መሬት አግኝተው መንደር መሠረቱ። ውኃ ተቈፈረ፣ እርሻ ተጀመረ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ተሠራ። የድርጅቱ መመሪያ ሰው ራሱን እንዲያለማ ማገዝ የሚል ነው፤ ማለት ዛሬ ያበላኸው ሰው ነገ ያላንተ እንዲበላ ማድረግ ነው።

ከኤረር የተነሣው ሥራ በኋላ ወደ ሌሎች የአገራችን ክፍሎች ሰፋ፤ በመቶ የሚቈጠሩ ትምህርት ቤቶች ተሠሩ። በከተማችንም በ1992 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የግብርና ቴክኒክና ቴክኖሎጂ ኮሌጅ ተከፈተ፤ አውቶሞቲቩን፣ ኤሌክትሪኩን፣ የብረታ ብረቱን ሥራ የተማሩ የአገር ልጆች ከዚያ ወጥተዋል። ካርል የትወና ሥራቸውን ትተው ቀሪ ዕድሜያቸውን ለዚሁ ሰጡ። ኢትዮጵያዊቷን የግብርና ባለሙያ ወይዘሮ አልማዝን አገቡ፣ የኢትዮጵያ የክብር ዜግነትም ተሰጣቸው። ግንቦት 21 ቀን 2006 ዓ.ም. በ86 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ያነሣነው የውጭ ሰው መጥቶ ያንሣን ለማለት አይደለም። ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የኤረር ሥራ የተጀመረው ሁሉም ሰው አዋጥቶ አይደለም። ሁሉም እስኪያዋጣ ቢጠበቅ ኖሮ ዛሬም አይጀመርም ነበር። ስለዚህ «ሁሉም ካላዋጣ» ለሚለው ወንድማችን መልሳችን ይኸው ነው፤ ያዋጣው ይበቃል፣ ከዚያ እንነሣለን፣ ያላዋጣው ሥራውን አይቶ ይመጣል። ባይመጣም ልጁ ከክፍሉ አይከለከልም።

«እርሱስ የታወቀ ሰው ነበር፣ ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ይናገራል፣ እኛን ማን ይሰማናል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። እንግዲህ ቴሌቪዥን ላይ ሳይወጡ የጀመሩትን ደግሞ እንይ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወሎ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው ረኀብ የጣለውን ሕዝብ አዩ። ሁለት ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ሆኑ። ባለቤታቸው አልተስማሙም፣ እርሳቸውም ከቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ኑሮ ጀመሩ። ድርጅቱ ሲያድግም በልመና ብቻ እንዳይቆም ገቢ የሚያስገኝ ሥራ እየሠራ፣ ልጆቹን ሙያ እያስተማረ ሄደ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮሮና ሕመም ሲያርፉ ያሳደጓቸው ልጆች ስፍር ቍጥር አልነበራቸውም። የተጀመረው በሁለት ልጆች ነው።

አንዱ በሚሊዮን ማርክ፣ አንዷ በሁለት ልጆች። ሁለቱም ግን ያደረጉት አንድ ነው፤ የያዙትን ቈጥረው፣ ከዚያው ከያዙት ተነሥተዋል። እኛም በዚሁ መንገድ ሦስቱን ጉዳዮቻችንን አንድ ባንድ እንያቸው።

ስለ ሥራ

ሥራ የለም ይባላል። ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ተምሮ የተቀመጠ ልጅ በየቤታችን አለ። ሆኖም ሙያ የያዘ ሰው በሸዋ በር ሞልቷል። ልብስ ሰፊ አለ፣ በያጅ አለ፣ አናጢ አለ፣ ባጃጅ ጠጋኝ አለ፣ ስፌት የሚሰፉ እናቶች አሉ። የሐረር እናቶች የሚሠሩት የሰፌድና የሙዳይ ጌጥ የውጭ ሰው አገር አቋርጦ መጥቶ ይገዛዋል፤ የእኛ ልጆች ግን እጃቸውን አላስለመዱትም።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሙያ ያለው ሁሉ በዓመት አንድ የሰፈር ልጅ ይያዝ። ሦስትና አራት አላልንም፤ አንድ ብቻ፣ ወንድም ሆነ ሴት። ልጁም በበኩሉ ሰዓቱን ያክብር። «ሁለት ወር ሙሉ ዕቃ አቀብል ብቻ አለኝ» ብሎ ጥሎ መውጣት አይገባም። ዕቃውን በስሙ ለይቶ ማቀበል የሙያው መጀመሪያ ነው። አሠልጣኙም ልጁን ለተላላኪነት ብቻ አያቆየው፤ በስድስተኛው ወር መርፌውን ወይም ብየዳውን በእጁ ያስይዘው። ኮሚቴው በየሦስት ወሩ እየዞረ ይጠይቃል።

ስለ ጥናት

የ12ኛ ክፍል ፈተና ነገር ሁላችንንም አስደንግጦናል። በአገር ደረጃ ከግማሽ በላይ ያመጡት የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ከመቶው 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ ከፍ ማለት ቢጀምርም፣ አሁንም ከብዙ ልጆች ጥቂቶቹ ናቸው የሚያልፉት። ይህን በመምህር ላይ ብቻ፣ ወይም በልጆች ላይ ብቻ ጥሎ መቀመጥ ይቀላል። ግን ልጁ ከመምህሩ ጋር የሚውለው ግማሽ ቀን ነው፤ የቀረው ሰዓት የእኛ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀይም ነገር እንናገራለን፣ ይቅር በሉን። የበርጫው ሰዓትና የጥናቱ ሰዓት አንድ ሆኗል። ስለ ጫት ልንሰብካችሁ አልተነሣንም፤ ያደግንበት ነው፣ ሽማግሌው ይቀመጥበታል፣ ዱዓውም ወጉም አለው፣ የብዙ ቤት እንጀራም ከዚያ ይወጣል። ነገር ግን የ14 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ገረባ ሲለቅም ካመሸ፣ ደብተሩን መቼ ይገልጣል? አባት ይቀመጥ፣ ልጁን ግን ከ12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ወደ ክፍሉ ይልቀቀው። ሁለት ሰዓት ናት የጠየቅነው። እናቶችም ሴት ልጆችን በዚያ ሰዓት ከማጀት ልቀቋቸው፤ ድስቱን ወንድሙ ቢያማስለው አይገለበጥም።

«እኛ ያልተማርን ሰዎች ልጅን እንዴት እናስጠናለን?» ለምትሉ፣ እዚህ ንግግሩን የምናነበው እኛም ብዙ የተማርን አይደለንም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ በዚህ አገር ትልልቅ ሰዎች፣ አያቶች ሳይቀሩ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ፊደል ቈጥረዋል። ያወቀው ላላወቀው አስተማረ፣ ሥራውም በዓለም አቀፍ ደረጃ ሽልማት አስገኘ። ያኔ ሰው ያልጠበቀው የተሟላ ሕንፃ ነበር። እኛም የምንፈልገው አንድ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበሮችና መብራት ነው። ዘንድሮ በፈቃዳቸው ሲያስጠኑ የቆዩት ሁለት መምህራንና የኮሌጅ ተማሪዎቹ እንቀጥላለን ብለዋል፤ ምስጋናችን ይድረሳቸው።

ስለ ስፖርት

ወጣቶች፣ ኳሱ ይቀራል ብላችሁ አትሥጉ። ጥናትና ስፖርትን የሚያጣላ አሳብ በኮሚቴው ውስጥም ተነሥቶ ነበር። «በሳምንቱ ያላጠና እሑድ አይጫወት» ተብሎ ደንብ ይውጣ ያሉ ነበሩ። ተመካክረን አልተቀበልነውም። ልጅን ከሜዳ ብናባርረው ወደ ደብተር አይሄድም፣ ወደ መንገድ ነው የሚሄደው። ይልቁንም ከጨዋታው በኋላ አሰልጣኙ ልጆቹን ሰብስቦ ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፉ ይጠይቅ። አባቱን የማይሰማ ልጅ አሰልጣኙን ይሰማል፤ ይህን በዓይናችን አይተናል።

ስለ ስፖርት ግብ ስናስብ ማርሽ ቀያሪውን ምሩፅ ይፍጠርን እናስታውስ። በ1964 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ፣ የ5 ሺህ ሜትሩ ውድድር ግን አመለጠው። በ1968 ዓ.ም. ሞንትሪያል ላይ አገራችን ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጋር ሳትወዳደር ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ጫማውን ይሰቅል ነበር። ምሩፅ ግን መሮጡን አልተወም። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በሁለቱም ርቀት ወርቅ ወሰደ፤ የሠራበት ዘመን ስምንት ዓመት ነው። ልጆች፣ እናንተ አንድ እሑድ ተሸንፋችሁ መለያችሁን ስትወረውሩ ይህን አስቡ።

ለሚመጣው ዓመት ሁለት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ ሴቶች ልጆች ለብቻቸው የሚጫወቱበት ሰዓት ቅዳሜ ጧት ይከለላቸዋል፤ ወንዶች ያን ሰዓት ሜዳውን ይልቀቁ። ሁለተኛ፣ የባጃጅ ሾፌሮች ወንድሞቻችን በልጆች የጨዋታ ሰዓት በሜዳው እንዳታቋርጡ እንለምናለን። ዙሩ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምርባችሁ ነው።

የውሳኔ አሳብ

እንግዲህ ወደ ክፍሉ ጉዳይ እንመለስ። የቀብር ገንዘብ አይነካም። እርሱ የሐዘን ቀን ገንዘብ ነው፤ በዕድርም ሆነ በአፎቻ ደንቡ የታወቀ ነው። ለጥናቱ ክፍል ኪራይና መብራት የተለየ ሣጥን ይከፈታል። ከየቤቱ በወር 20 ብር ይጠየቃል። የሌለው አይሸማቀቅ፤ የሌለው አግዳሚ ወንበር ይጠግን፣ ክፍል ይጥረግ፣ ማታ ልጆችን ከክፍሉ ወደ ቤት ይሸኝ። ይህም እንደ ገንዘቡ በመዝገብ ይጻፍለታል። ገቢና ወጪው በየወሩ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ትርፍ ክፍል ያለው ጎረቤት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ይንገረን፤ ኪራዩን በማይጎዳው መጠን እንስማማለን።

ሌላው አሳባችን ይህ ነው። ሁላችንም ለሚመጣው ዓመት አንድ አንድ ቃል በሕዝብ ፊት እንናገር። ቃሉ ትልቅ እንዳይሆን፣ የሚቈጠር ይሁን። «ጎበዝ እሆናለሁ» አይቈጠርም፤ «በሳምንት አራት ምሽት ክፍሉ እገኛለሁ» ይቈጠራል። «ወጣቱን እረዳለሁ» አይቈጠርም፤ «አንድ ልጅ ብየዳ አስተምራለሁ» ይቈጠራል። «ስፖርት እጀምራለሁ» የምንል አባቶችም እንደዚሁ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ጁገሉን በእግሬ እዞራለሁ» እንበል፤ ለደም ግፊቱም ለስኳሩም ይበጃል። የሚነገረው ሁሉ በቃለ ጉባኤ ይጻፋል፣ በሚመጣው ዓመት መጨረሻ በዚሁ ስብሰባ ይነበባል። ማንም አይቀጣም። ግን በጎረቤት ፊት የተነገረ ቃል ቤት ውስጥ ለብቻ ከታሰበ ቃል ይከብዳል፤ ካርልንም ኤረር ድረስ ያመጣቸው ያ ነው።

ኮሚቴው የራሱን ቃል አስቀድሞ ያስመዘግባል። ጥቅምት ሳይጠባ የጥናቱ ክፍል ይከፈታል። የገባው ገንዘብ ለትልቅ ክፍል ካልበቃ በትንሽ ክፍል፣ ለሁሉም ካልበቃ በፈረቃ፣ መጀመሪያ የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች እየገቡ እንጀምራለን። አለመክፈት ግን በውሳኔ አሳባችን ውስጥ የለም።

መዝገቡ ከዛሬ ጀምሮ ከጸሐፊው ዘንድ ክፍት ነው። ማታ ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ መጥታችሁ ቃላችሁን አስጽፉ፣ መጻፍ የምትችሉም በእጃችሁ ጻፉ። ልጆችም ከወላጅ ጋር መጥታችሁ አስመዝግቡ።

ለሁላችሁም፣ በቤትም በስደትም ላሉት የሸዋ በር ልጆች፣ አዲሱ ዓመት የሰላም፣ የጤናና የሥራ ይሁንላችሁ። እንኳን አብሮ አደረሰን።

ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤት